የእጣን ዛፍ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ እጣን ሳይጨስ ቡና አይፈላም ማለት ይቻላል። የጣና ገዳማትም ያለ እጣን አይቀድሱም። ዛፉን በዓይኑ ያየ ግን ስንቱ ነው? አይፈረድብንም። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ዝናቧም አያንስም። እሱ የሚወደው ቆላውን ነው፦ መተማን፣ ቋራን፣ የአባይንና የተከዜን ሸለቆ።

በበጋ ያየው ሰው ደርቋል ብሎ ለማገዶ ሊያስበው ይችላል። ቅጠል የለው፣ ስስ ልጣጩ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ግን አልሞተም። በክረምት ወራት ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ግንዱ ውስጥ አስቀምጧል። የሚያብበውም በዚሁ በበጋ፣ ገና ሳያቆጠቁጥ ነው። ሌላው አበባ በጠፋበት ሰዓት ንብ ትቀስመዋለች።

የሚበቅልበት ቦታ ደግሞ ይገርማል። አፈሩ ስስ የሆነ፣ ድንጋያማ ተዳፋት። ያቺን ጥቂት አፈር ጎርፍ እንዳይወስዳት የሚይዛት የእሱ ሥር ነው። ዛፉን መንጥሮ እዚያ ቁልቁለት ላይ ሰሊጥ ልዝራ የሚል ሰው ከጥቂት ክረምት በኋላ የሚተርፈው ድንጋይ ነው።

እጣኑ ራሱስ? የዛፉ የቁስል ፕላስተር ነው። ልጣጩ ሲቆስል ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ፈሳሹ ደርቆ ቁስሉን ይዘጋል፣ ነፍሳትም እንዳይገቡ ያግዳል። እጣን ለቃሚዎች መንጋፍ በሚባል መሣሪያ ልጣጩን በስሱ ይልጡታል። ቆይተው ይመለሱና የደረቀውን ይለቅማሉ፤ ያንኑ ቁስል ትንሽ ያሰፉታል። በጋውን ሙሉ እንዲህ ይመላለሱበታል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ለቁስሉ የከፈለውን ያህል ለዘሩ ያንሰዋል። ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍ ዘሩ ጥቂት ነው፣ ካለውም ብዙው አይበቅልም። የበቀለውን ከብት ይግጠዋል፣ የተረፈውን እሳት ይጨርሰዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከተጠኑት የእጣን ደኖች ከ75 በመቶ በላዩ ትንንሽ ዛፍ የለውም። አዲስ ዛፍ ሳይተካ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በዚሁ ከቀጠለ የእጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስም ተንብዮአል።

ችግኝ ማፍላት ብቻውን አይበቃም፤ ከብት ካልተከለከለ ችግኙ የፍየል ምሳ ነው። ደኑን አጥሮ መከለል፣ እሳት መከላከል፣ ዛፎቹን በየተራ ማሳረፍ ይሻላል። ወፍራም ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከልም ይቻላል፤ ሥር ያወጣል።