የምናባዊ ወኪሎች የሰውነት እንቅስቃሴና በሰዎች ዘንድ የሚያሳድረው ግምት

ምናባዊ ወኪል የሚባለው በስክሪን ወይም በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ውስጥ የሰው መልክ ይዞ የሚታይና ተጠቃሚውን የሚያነጋግር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሰዎች ስለ ወኪሉ የሚይዙት ግምት ከንግግሩ ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ የዓይኑ አቅጣጫ፣ ፈገግታው፣ የእጁ እንቅስቃሴና የሚቆምበት ርቀት ገና አፉን ሳይከፍት ስለ ጠባዩ ይናገራሉ። ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዷ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጀስቲን ካስልና ባልደረቦቻቸው የሠሯት፣ ቤት የምታሻሽጠው «ሪያ» ናት።

እ.ኤ.አ. በ2012 ለኅትመት የበቃ የአንጀሎ ካፋሮና የባልደረቦቹ ጥናት በሙዚየም መግቢያ ላይ እንግዳ የሚቀበል ወኪልን መርምሮ ነበር። ወኪሉ ወደ እንግዳው መቅረቡ ተግባቢ ተደርጎ እንዲታይ ሲያደርገው፣ ወዳጃዊ መስሎ መታየቱን የወሰኑት ግን ፈገግታውና እይታው ናቸው።

ከእንቅስቃሴው ዓይነት ባሻገር ጊዜውን መጠበቁም ክብደት አለው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ግራች ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት አድማጭ ወኪል የተናጋሪውን ድምፅና የጭንቅላት እንቅስቃሴ እየተከታተለ በተገቢው ቅጽበት ራሱን ይነቀንቃል። ተመሳሳይ ንቅናቄ ከንግግሩ ጋር ሳይገናኝ ሲቀርብ የመግባባት ስሜቱ ይላላል፤ ተናጋሪውም ይደነቃቀፋል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጄረሚ ቤይለንሰንና ኒክ ዪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሙከራ ደግሞ፣ ወኪሉ ተማሪዎች መታወቂያ ሁልጊዜ መያዝ አለባቸው የሚል ሐሳብ እያቀረበ የአድማጩን የጭንቅላት እንቅስቃሴ ከ4 ሰከንድ በኋላ ይደግም ነበር። አብዛኞቹ አድማጮች እንቅስቃሴያቸው እየተኮረጀ መሆኑን አላስተዋሉም፤ ሆኖም የሌላ ሰው እንቅስቃሴ ከሚደግመው ወኪል ይልቅ የእነሱን የሚደግመውን ይበልጥ አሳማኝና ተወዳጅ አድርገው ቆጠሩት። ሰው ሳያውቀው በሚሠራ መንገድ ሊታመን የሚችል ወኪል ለሽያጭ ወይም ለቅስቀሳ ሲውል ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ባህል አለ። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ለመስማማት ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግም የአክብሮት ምልክት ነው። ትኩር ብሎ ማየትን የቅንነት ምልክት አድርጎ የተቀረጸ ወኪል በሽማግሌ ፊት ደፋር ሊመስል፣ የተጠቃሚውን ዝቅ ያለ ዓይንም እንደ መሰላቸት ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚሠራ ወኪል ቋንቋውን አቀላጥፎ መናገሩ አይበቃውም፤ እይታውና ንቅናቄው ሰዎች በአማርኛ ሲጨዋወቱ ከተቀረጹ ምስሎች ሊጠና ይገባል።