ጥንቸል መብላት ሲያቆም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ጥንቸል ብዙ ጊዜ በልጆች ውትወታ የሚገባ እንስሳ ነው። ወላጆቹ ያደጉት ጥንቸል በአብዛኛው በማይበላበትና ብዙም በማይረባበት አገር በመሆኑ፣ ስለ በግና ስለ ፍየል ያላቸውን ያህል የወረሱት እውቀት የላቸውም፤ ስለዚህ ጥንቸሉ ምግቡን ትቶ ጥግ ሲይዝ የሚፈርዱት በውሻና በድመት፣ አንዳንዴም በሰው ልክ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት አመለካከቶች መነሻቸው ቢለያይም ጉዳታቸው አንድ ነው፤ ጥንቸሉ ሐኪም ዘንድ መድረስ የነበረበትን ሰዓት ይበላሉ።

«አንድ ቀን ባይበላ ምን ይሆናል? ሲርበው ይበላል»

ጤነኛ ውሻ አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ የጥንቸል ሆድ ግን ባዶውን እንዲቆይ አልተፈጠረም። የበላው ሣር የሚብላላው ዕውር አንጀት በሚባለው ትልቅ ከረጢት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲሆን፣ አንጀቱን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ያለማቋረጥ የሚገባው ሻካራ አሰር ነው። አሰሩ ሲቋረጥ አንጀቱ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው ምግብ ይደርቃል፣ ጋዝ ይጠራቀማል፤ ጋዙ ያሳምመዋል፣ ሕመሙም ከምግብ ይበልጥ ያርቀዋል። የወፈረ ጥንቸል ከሆነ ሰውነቱ የራሱን ስብ ወደ ጉበት ስለሚልክ ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ ምንም ያልበላ ጥንቸል እንደ ድንገተኛ ሕመምተኛ ሊታይ ይገባል፤ ማታ የቀረበለት የሣር ድርቆሽ ጠዋት ሳይነካ ከተገኘ ያ ሰዓት ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው።

ከምግቡ ጋር አብሮ መታየት ያለበት በጠጡ ነው። ጤነኛ ጥንቸል በቀን ከመቶ በላይ ክብና መጠናቸው ተቀራራቢ የሆነ፣ በጣት ሲጫኗቸው ተፈርክሰው የሣር ብናኝ የሚያሳዩ እንክብሎችን ይጥላል። ሕመም ሲጀምረው እነዚህ እንክብሎች ያንሳሉ፣ ቅርጻቸው ይዛባል፣ አንዳንዶቹም በጸጉር ተያይዘው ይወጣሉ፤ ቆይቶም ጨርሰው ይቆማሉ። ቤቱን የሚያጸዳው ሰው (ጥንቸሉ የልጆቹ ቢባልም ብዙ ጊዜ እናት ናት) ይህን ለውጥ ከማንም ቀድሞ ያያል፤ ሐኪሙም በመጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

«ሆዱን የዘጋው የላሰው ጸጉር ነው፤ የአናናስ ጭማቂ ያሟሟዋል»

ይህ አስተሳሰብ ለረጅም ዓመታት በብዙ አርቢዎች ዘንድ የጸና ነበር። ጥንቸል ገላውን ስለሚልስ በማንኛውም ጤነኛ ጥንቸል ጨጓራ ውስጥ ጸጉር ይገኛል፤ አንጀቱ እስከሠራና በቂ ውሃ እስካለ ድረስም ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። የደረቀ የጸጉርና የምግብ ጓል የሚፈጠረው አንጀቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በመሆኑ፣ በአብዛኛው የሕመሙ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። በአናናስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም ኬራቲን የተባለውን የጸጉር ፕሮቲን አያሟሟም፤ ጭማቂው የሚያስገባው ስኳር ግን ቀድሞውኑ የተናጋውን የአንጀት ባክቴሪያ ይበልጥ ያዛባል።

ይህ ሲባል እውነተኛ መዘጋት የለም ማለት አይደለም። የታመቀ የጸጉር እንክብል፣ የምንጣፍ ክር ወይም የደረቀ የበቆሎ ፍሬ ቀጭኑን አንጀት ሊደፍን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በፊት ይዘል የነበረው ጥንቸል በድንገት ይዝላል፣ ሆዱም እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሐኪሙ የአንጀቱን መቀዝቀዝና መዘጋት የሚለየው በራጅና በደም ስኳር ምርመራ ነው፤ በመዘጋት ጊዜ የደም ስኳሩ እጅግ ከፍ ይላል። ይህ ልዩነት ከሚቀጥለው አመለካከት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

«እምቢ ካለ በግድ ማጉረስ ነው»

በሲሪንጅ መመገብ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ሆዱ ለተወጠረ ወይም አንጀቱ ለተዘጋ ጥንቸል ምግብ መጨመር ጨጓራውን እስከ መፈንዳት ሊያደርሰው ይችላል፤ ሰውነቱ ለቀዘቀዘና ፈሳሽ ላጣ ጥንቸልም የሚገባው ምግብ ባለበት ይቀራል። ሐኪሞች በቅድሚያ ሙቀቱን ይለካሉ፣ ከ38 ዲግሪ በታች ከሆነ ያሞቁታል፣ ፈሳሽ ይሰጡታል፣ ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ ምግብ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ማድረግ የሚቻለው ጆሮዎቹ ከቀዘቀዙ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ አጠገቡ ማኖር፣ ውሃና ትኩስ ቅጠላ ቅጠል ማቅረብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ሐኪም ጋር መደወል ነው። በሙቀት የተጠቃ ጥንቸል ግን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይወሰዳል እንጂ አይሞቅም።

ሐኪሙ መዘጋት አለመኖሩን አረጋግጦ ምግብ ሲፈቅድ፣ ለሣር በል እንስሳት የሚዘጋጀው የዱቄት ምግብ በውሃ ተበጥብጦ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይሰጣል። ጥንቸሉ በአራቱ እግሮቹ እንደቆመ በፎጣ ይያዛል፤ ሲሪንጁ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ባለው ክፍተት በጎን በኩል ይገባል፤ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ተሰጥቶ እስኪያኝክና እስኪውጥ ይጠበቃል። በጀርባው አስተኝቶ ማጠጣት ምግቡን ወደ ሳንባው ሊያስገባ ይችላል።

«አይጮህም፣ ስለዚህ አላመመውም»

ጥንቸል በዱር ሕይወቱ የሌሎች አውሬዎች ምግብ በመሆኑ ሕመሙን መደበቅ ልማዱ ነው። በቅርብ ሲታይ ግን ጀርባውን ጎብጦ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ግማሽ ይከድናል፣ ሆዱን ወለል ላይ እየተጫነ ቦታ ይቀያይራል። ሲዳብሱት የሚሰማው ለስላሳ የጥርስ ፍትጊያ የደስታ ምልክት ነው፤ ማንም ሳይነካው ጮክ ብሎ ጥርሱን ማፋጨቱ ግን የስቃይ ነው። ምግብ መተው በራሱ የበሽታ ስም አይደለም፤ ከኋላው የጥርስ ሕመም፣ የፊኛ ጠጠር፣ የቤት ለውጥ ወይም የጓደኛ ሞት ያመጣው ጭንቀት ሊኖር ስለሚችል፣ አንጀቱን ብቻ አክሞ ምክንያቱን መተው ሕመሙ እንዲመለስ በር ይከፍታል።

«ጥርሱን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው»

በቤት ውስጥ የሚታዩት የፊት ጥርሶች ብቻ ናቸው። ከጥንቸል 28 ጥርሶች ውስጥ 22ቱ ወደ ኋላ የተደበቁ መንጋጋዎች ናቸው፤ ሁሉም ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፣ የሚሞርዳቸውም በዋናነት ሣርና ድርቆሽ ማኘክ ነው። በቂ ድርቆሽ ካልበላ መንጋጋዎቹ ሹል ጫፍ ያወጡና ምላሱን ወይም ጉንጩን ይቆርጣሉ። ወደ ምግቡ ሄዶ አሽትቶ የሚመለስ፣ ወይም አንስቶ የሚጥል ጥንቸል ብዙ ጊዜ ችግሩ አምሮት ሳይሆን አፉ ነው።

«የጥንቸል ምግብ ካሮት ነው»

ካሮት ስኳር ስለሚበዛበት በጥቂቱ የሚሰጥ ማባበያ ነው። ዋናው ምግብ ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ የሣር ድርቆሽ ሲሆን፣ የጤፍ ጭድ ሊተካው አይችልም። ፉርሽካ፣ ዳቦና የተረፈ እንጀራ ደግሞ ከነጭራሹ ቢቀሩ ይሻላል።

«የራሱን ኩስ ከበላ ታሟል»

ከዕውር አንጀት የሚወጣውን ለስላሳ እንክብል ከመቀመጫው እየተቀበለ መብላቱ ጤነኛነቱ ነው፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን የሚያገኘው በዚህ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር መቁጠሩን የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስብ ይችላል፤ እንደ ላም አራት ክፍል ጨጓራ ባይኖረውም ምግቡን ሁለት ጊዜ ያሳልፋልና። የሚያሳስበው ይህን መብላት ሲያቆም ነው።

«ለልጁ ታዝዞ የተረፈውን አሞክሲሲሊን መስጠት ይቻላል»

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሊንዳማይሲን በአፍ ሲሰጡ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ገድለው መርዝ አመንጪዎቹ እንዲራቡ ስለሚያደርጉ ጥንቸልን ሊገድሉ ይችላሉ። የሰው ማስታገሻም በግምት አይሰጥም፤ ለጥንቸል የሚሆነውን መድኃኒትና መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ብዙ ክሊኒኮች የሚያክሙት ውሻና ድመትን ብቻ በመሆኑ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ «ኤግዞቲክ» የሚባሉትን እንስሳት የሚያይና ማታም የሚከፍት ክሊኒክ ጥንቸሉ ጤነኛ ሳለ ተፈልጎ ስልኩ መመዝገብ አለበት። ቀዶ ሕክምና ተይዞለት «ከማታ ጀምሮ አይብላ» የሚል መመሪያ ከተሰጠ፣ ክሊኒኩ በእርግጥ ጥንቸል ያክም እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ ይገባል፤ ጥንቸል ማስታወክ ስለማይችል እንደ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ እንዲጾም አይደረግም።