«የማን ነበር?» አሮጌ ዕቃን በክር ስሠራ የሚያጋጥሙኝ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከገበያና ከየሰፈሩ ባለቤታቸው የተረሳ ዕቃዎችን እገዛለሁ፤ ቁልፍ፣ እንዝርት፣ የተጠጋገነ ባና (ከበግ ሱፍ የሚሸመን ወፍራም ልብስ)። ከዚያ መልካቸውን በመርፌና በክር ጨርቅ ላይ አወጣለሁ። ሥራዬን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «የማን ነበር?» ይለኛል። «አላውቅም» ስለው መልሱን ራሱ ይሰጠኛል፤ «የምኒልክ ዘመን ነው፣ የመኳንንት ይሆናል።» ይህን መስማት በእውነት ሰልችቶኛል።

«ከአንኮበር ከመጣ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው»

አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ይህ እውነት ነው። ግን እዚያ ተራራ ላይ ንጉሥ ብቻ ነበር እንዴ የሚኖረው? እንጨት የሚሸከም፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ሱፍ የምትፈትል ሞልቶ ነበር። ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባም የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አንኮበር የተገኘ ዕቃ ሁሉ አንኮበር የተሠራ አይደለም።

አምና ከመንዝ የመጣ ባና ገዛሁ። ሻጩ «የደጃዝማች ነው» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። ቤት ወስጄ መስኮት አጠገብ ዘረጋሁት። ግራ ትከሻው ላይ ሦስት ቦታ ተጠግኗል። አንዱ በጥቁር ሱፍ፣ ሁለተኛው በነጭ ጥጥ፣ ሦስተኛው ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ሲቀደድ ቤት ውስጥ በተገኘው ክር እየተጠገነ ነው የኖረው። የከረጢቱ ክር ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ያ ጥገና የቅርብ ጊዜ ነው።

እስቲ አስቡት። በልማዱ ባናን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ጠባብ ጠባብ ሆኖ የተሸመነው ተጋጥሞ ይሰፋል። የፈተለችው አለች፣ የሸመነው አለ፣ የለበሰው አለ፣ የጠገነው አለ። እኛ ግን የምንጠይቀው ስለ ለባሹ ብቻ ነው፤ እሱንም ደጃዝማች ካልሆነ አንፈልገውም። የእነዚያን እጆች ሥራ በውሸት ማዕረግ መሸፈን ያናድደኛል። የለባሽ ፊት አልሣልኩም። ሦስቱን ጥገናዎች ብቻ በልካቸው ነጭ ኩታ ላይ በቀይ ክር ጠለፍኳቸው።

ስለዚህ አሮጌ ልብስ ስታገኙ መጀመሪያ ገልብጡት። በውስጥ በኩል ስፌቱን፣ የሳሳውን ቦታ፣ ቋጠሮውን እዩ። ክሩን በጣታችሁ ዳስሱት። የእጅ ፈትል አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። የፋብሪካ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

«ጠገራው ላይ 1780 ተጽፏል፤ የዚያ ዘመን ነው»

ጠገራ የድሮው የማሪያ ትሬዛ የብር ገንዘብ ነው፤ አብዛኛው ላይ 1780 ነው የተጻፈው። የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን በዚያው ቁጥር ተመትቷል።

«ጥቁር ባና የተነከረ ነው»

የበጉ ቀለም ነው። ፀሐይ ሲበዛበት ወደ ቡናማ ይሄዳል።

«አሮጌ ጨርቅ በፈላ ውሃና በበረኪና ነው የሚጸዳው»

እባካችሁ ተዉ! ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኮማተራል፣ እንደ ቡርኖስ ይደድራል። በረኪና ደግሞ ሱፍን ያሟሟዋል። አንዲት ጎረቤቴ የእናቷን ባና እንዲህ አጥባ፣ የቀረውን ይዛ እያለቀሰች መጣች። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥቂት ሻምፑ፣ ያለማሸት። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከዚያ ጥላ ውስጥ አጋድማችሁ አድርቁት። እርጥብ ሱፍ ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ይለጠጣል።

«ብል አሮጌ ነገር ይወዳል»

ብል የሚወደው ሱፍ ነው፣ አዲስም ይሁን አሮጌ። የሚበላው ደግሞ የሚበረው ሳይሆን ትሉ ነው። ልብሱን አራግፉት፣ ጥሩ አድርጋችሁ ቦርሹት፣ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ረስታችሁ አትተዉት።

«ዕቃውን ራሱን ጨርቁ ላይ መስፋት ነው እንጂ!»

እኔም በጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ። አንድ የብረት ቁልፍ ጥጥ ላይ ሰፋሁ። ክረምት አልፎ ስገልጠው ዝገቱ ጨርቁን አቅልሞታል፣ ዙሪያውን በስብሶ ተበስቷል። አሁን ቁልፉን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን አሰምራለሁ፣ ከዚያ ቅርጹን በክር እሠራለሁ። ቁልፉ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአያቶቻችሁ ጋቢ ወይም ባና ቤታችሁ ካለ፣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ዛሬ ጠይቁ። ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? ማን ለበሰው? ትንሽ የአቡጀዲ ቁራጭ ላይ ጻፉና ጥጉ ላይ በላላ ስፌት ያዙት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊለቅ ይችላል።