የክትባት ማረጋገጫ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች መግቢያ ላይ

አንድ ሰው ለተወሰነ በሽታ መከተቡን የሚያሳይ ወረቀት፣ ካርድ ወይም በስልክ የሚያዝ ኮድ የክትባት ማረጋገጫ ይባላል። ኮቪድ 19 ስሙን አገነነው እንጂ አልወለደውም። ፈንጣጣ ዓለምን ያስጨንቅ በነበረበት ዘመን ክንድ ላይ የቀረ የክትባት ጠባሳ ራሱ እንደ ማስረጃ ይታይ ነበር፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ጠባሳ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ዛሬም የቢጫ ወባ ክትባትን የሚመሰክረው ቢጫ ካርድ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት በብዙ አገሮች መግቢያ ላይ ይጠየቃል። ይህን ካርድ አምርሮ የሚቃወም መንገደኛ ማግኘት ያስቸግራል።

ክርክሩ የጋለው ጥያቄው ከድንበር ወደ ካፌ በር ሲወርድ ነው። እስራኤል «አረንጓዴ ማለፊያ» ያለችውን አሠራር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ጀመረች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ከጁላይ 1 ጀምሮ ለጉዞ ተብሎ ሥራ ላይ ቢውልም ብዙም ሳይቆይ ምግብ ቤትና ሲኒማ ቤት በር ላይ ታየ። ጣሊያን በኦክቶበር ወር ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ቦታው ሲገባ እንዲያሳይ አዘዘች። አብዛኞቹ አገሮች ታሞ ያገገመውንም፣ በምርመራ ነፃ የሆነውንም ይቀበሉ ነበር፤ ኒውዮርክ ከተማ ግን ክትባቱን ብቻ ጠየቀች።

ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሙግት በእኔ ግምት የሚቋጨው በአንድ ነጥብ ነው፦ ክትባቱ የሚጠብቀው ማንን ነው? የኩፍኝ ክትባት የተከተበው ሰው በሽታውን ወደ ሌላው እንዳያሻግር አጥብቆ ስለሚከለክል በሩ ላይ መጠየቁ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው ይጠቅማል። የኮቪድ ክትባት ከጽኑ ሕመምና ከሞት በመታደግ ተመስክሮለታል፤ መተላለፍን የመግታት ኃይሉ ግን በወራት ውስጥ ይደክም ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ሳሳ። ያኔ የማለፊያው ትርጉም ሳይነገር ተለወጠ፤ ጎረቤትን መጠበቂያ የነበረው እምቢተኛውን መገፋፊያ ሆነ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በጃንዋሪ 2022 ያልተከተቡትን ማስመረር እንደሚፈልጉ ለጋዜጣ በግልጽ ሲናገሩ ብዙዎች ተቆጡ፤ ቢያንስ ግን አልሸፋፈኑም። ግፊቱ በፈረንሳይና በጣሊያን የተከታቢውን ቁጥር ከፍ ማድረጉን በኋላ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ በጀርመን ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም።

በሕግ በኩል ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው አያጣም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 የፈንጣጣ ክትባት እምቢ ያለ ሰው 5 ዶላር መቀጣቱን አጽንቷል። የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት ምክር ቤትም በኦገስት 2021 የካፌውን ማለፊያ ፈቅዶ፣ ማለፊያ የሌለው ጊዜያዊ ሠራተኛ ውሉ ሳያልቅ እንዲሰናበት የሚለውን አንቀጽ ሰርዟል። ከቡና ገበታ መከልከልና ከእንጀራ መከልከል አንድ አይደሉም።

በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አስተናጋጁ በአንድ ሌሊት ተቆጣጣሪ ይሆናል፤ ኮዱን ከመታወቂያው ጋር ያመሳክራል፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለያል፣ የደንበኛውንም ቁጣ ይቀበላል። ዘመናዊ ስልክ የሌለው አረጋዊ፣ በሐኪም ምክር ያልተከተበ ሕመምተኛ፣ ክትባቱ ገና ካልደረሰበት አገር የመጣ እንግዳ ሁሉም ጉዳያቸውን የሚያስረዱት ለእርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ ክትባትን ለዓለም አቀፍ ጉዞ ቅድመ ሁኔታ ማድረግን የተቃወመውም የክትባቱ ሥርጭት ፍትሐዊ ባለመሆኑ ጭምር ነበር።

ኒውዮርክና ፈረንሳይ ግዴታውን በማርች 2022 አነሡ። የአውሮፓው የምስክር ወረቀት ሕግ በጁን 30 ቀን 2023 አበቃ፤ ቴክኖሎጂውን ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለራሱ የዲጂታል ማረጋገጫ መረብ ተረክቦታል።