ስለ ማንክስ የቅርስ ማኅበራትና ስለ ስደተኞች ዘሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአየርላንድና በብሪታንያ መካከል የምትገኘው አይል ኦፍ ማን 572 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ በ2021 በተደረገው ቆጠራም 84 ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ የተመዘገበባት ደሴት ናት። ማንክስ የሚባለው የደሴቷ ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድዷል፤ የስደተኞቹ ዘሮችም በየሄዱበት ማኅበር አቋቁመው የአያቶቻቸውን ታሪክ እስከ ዛሬ ይከታተላሉ። ስለ እነዚህ ማኅበራትና ስለ አባሎቻቸው በውጭ ሰው ብቻ ሳይሆን በራሳቸው በአባላቱም ዘንድ ሲነገሩ የኖሩ፣ በሰነድ ሲፈተሹ ግን የማይጸኑ አመለካከቶች አሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ማንክስ ማለት እንግሊዛዊ ነው፤ ካልሆነም አየርላንዳዊ ነው»

ደሴቷ የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደለችም፤ በብሪታንያ ዘውድ ሥር ሆና በራሷ ሕግና በራሷ ምክር ቤት የምትተዳደር ግዛት ናት። ከኖርዌይ የመጡ የባሕር ሰዎች ለዘመናት ገዝተዋታል፤ በ1266 ለስኮትላንድ ንጉሥ ተላልፋለች፤ ከ1405 ጀምሮም ስታንሊ የሚባለው የእንግሊዝ መኳንንት ቤተሰብ በጌትነት ይዟታል። ቲንዋልድ የሚባለው ምክር ቤቷ በ1979 አንድ ሺህኛ ዓመቱን አክብሯል። እርግጥ መነሻው ዓመት በልማድ የተመረጠ እንጂ በሰነድ የተረጋገጠ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የምክር ቤቱ ጥንታዊነት የሚያከራክር አይደለም። በየዓመቱ ሐምሌ መጀመሪያ በሴንት ጆንስ መንደር በሚገኘው ጉብታ ላይ አዳዲስ ሕጎች በማንክስ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ለሕዝብ ይነበባሉ። የአያቶቻቸውን አገር ለማየት ከባሕር ማዶ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ ጉዟቸውን ከዚህ ቀን ጋር የሚያገጣጥሙትም ለዚህ ነው።

«የተሰደዱት እንደ አየርላንዳውያን በረሃብ ምክንያት ነው»

ይህ አመለካከት የሁለት ሕዝቦችን ታሪክ አንድ ላይ ያምታታል። የአየርላንድ ታላቁ ረሃብ የጀመረው በ1845 ሲሆን፣ በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ አካባቢ የሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ የማንክስ ገበሬዎች ግን ሃያ ዓመት ያህል ቀድመው፣ በ1820ዎቹ አጋማሽ፣ ደርሰው ነበር። የስደቱን ምክንያት ለማወቅ ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። በ1765 የብሪታንያ መንግሥት የደሴቷን የጌትነት መብት ከስታንሊዎች በውርስ ከተቀበለው ከአቶል መስፍን ቤት በ70,000 ፓውንድ ገዛ፤ የግዢው ዋና ዓላማም ቀረጥ ያልተከፈለበት ሸቀጥ በደሴቷ በኩል ወደ ብሪታንያ እንዳይገባ መከልከል ነበር። ኮንትሮባንዱ ሲቆም በእርሱ ይተዳደር የነበረው ሕዝብ ገቢው ተቋረጠ። በ1825 ደግሞ ጳጳሱ የድሀው ዋነኛ ምግብ በሆነው በድንች ላይ አሥራት እንዲከፈል በመጠየቃቸው አመፅ ተነሣ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከሰሜን ደሴቷ አጥቢያዎች ተነሥተው ወደ ኦሃዮ የተጓዙት ቤተሰቦች ይህን ሁሉ ከኋላቸው የተዉ ናቸው። በዚያ ዘመን ቤተሰብን ይዞ አትላንቲክን መሻገር ቀላል የማይባል ገንዘብ ይጠይቅ ስለነበር፣ የሄዱት ምንም የሌላቸው ነበሩ ማለትም አያስኬድም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስደት ሌላ መልክ ነበረው። በ1840 የሞርሞን ሃይማኖት ሰባኪው ጆን ቴይለር ወደ ደሴቷ መጥቶ ሰበከ፤ ሚስቱ ሊዮኖራ ካነን፣ ፒል በተባለችው የወደብ ከተማ የተወለደች ስለነበረች ሰሚ አላጣም። ዛሬ በዩታ የማንክስ የዘር ሐረግ ያላቸው ቤተሰቦች የሚገኙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በ1850ዎቹ የቪክቶሪያ ግዛት ወርቅ ወጣቶችን ወደ አውስትራሊያ ሳበ። በላክሲና በፎክስዴል እርሳስና ዚንክ ያወጡ የነበሩ ማዕድን ቆፋሪዎች ደግሞ የማዕድኑ ሥራ እየተዳከመ ሲሄድ ሙያቸውን ይዘው ወደ አሜሪካና ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀኑ። በአጭሩ፣ ገበሬው፣ አማኙ፣ ወርቅ ፈላጊውና ማዕድን ቆፋሪው በየራሳቸው ምክንያት ስለሄዱ፣ የአንዱን ቤተሰብ ታሪክ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

«ማኅበራቱ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ከመብላትና ከመዝፈን ያለፈ ሥራ የላቸውም»

መብላቱም መዝፈኑም እውነት ነው። በስብሰባዎቻቸው ላይ ከዱቄት፣ ከአሬራ፣ ከሶዳና ከዘቢብ የሚጋገረው ቦናግ የሚባለው ዳቦ አይታጣም፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ አሠራር ከሌላው ስለሚለይም የማን አያት አሠራር ትክክል እንደሆነ መከራከሩ የስብሰባው አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። የማኅበራቱ አመሠራረት ግን ከዚህ የራቀ ነበር። በክሊቭላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተቋቋመው የማንክስ ማኅበር መረዳጃ ማኅበር ነበር፤ የታመመን፣ ሥራ ያጣን፣ ባል የሞተባትን መርዳት የተነሣበት ጉዳይ ነበር። የዓለም ማንክስ ማኅበር በ1911 ሲመሠረት በየአገሩ የተበተኑትን ከደሴቷ ጋር ማገናኘት ዓላማው አደረገ። በ1927 ከሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች በአንድነት ደሴቷን ለመጎብኘት ሄዱ፤ በማግሥቱ ዓመትም የሰሜን አሜሪካ ማንክስ ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ማኅበር በየሁለት ዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል፣ ለአባላቱ መጽሔት ያወጣል፣ በማንክስ ቋንቋ፣ በሙዚቃና በእደ ጥበብ ለሚበልጡ የደሴቷ ወጣቶችም ሽልማት ይሰጣል። በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ ተገቢውን ያህል ያልተነገረለት ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ቅርሱ ከደሴቷ ወደ ዘሮቹ ብቻ የሚፈስ ሳይሆን ዘሮቹም ቅርሱ በምንጩ እንዳይደርቅ የሚያግዙ መሆናቸውን ያሳያል።

«የቤተሰቤ ስም ኬሊ ስለሆነ ማንክስ ነኝ»

የማንክስ የቤተሰብ ስሞች ብዙውን ጊዜ በላቲኑ ሲ፣ ኬ ወይም ኪው ይጀምራሉ፤ ኮርሌት፣ ካነን፣ ከርሞድ፣ ኳይል፣ ኲሊያም የሚታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። «የእገሌ ልጅ» የሚል ትርጉም ያለው «ማክ» በንግግር እየተቆረጠ የመጨረሻ ድምፁ ብቻ ከአባት ስም ጋር ስለተጣበቀ ነው። ሆኖም ኬሊ በአየርላንድ እጅግ የተለመደ ስም ነው፤ ሌሎቹም ከደሴቷ ውጭ የሚገኙ አሉ። ስለዚህ ስም ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ያለው በአጥቢያ መዝገቦች ውስጥ ነው። ደሴቷ በ17 አጥቢያዎች የተከፈለች ስትሆን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦቿ በዳግላስ ከተማ በሚገኘው የማንክስ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ይመረመራሉ።

መዝገቡን የከፈተ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር በአንድ አጥቢያ ውስጥ በአንድ ዘመን የኖሩ በርካታ ጆን ኬሊዎች መኖራቸው ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት የእርሻውን ስም፣ የክርስትና ምስክሮችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናትን ስም መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የደሴቷ ልማድ ለተመራማሪው ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ያገባች ሴት በመዝገብና በመቃብር ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ ከባሏ ስም ጋር የአባቷ ቤት ስምም ይጻፍላት ነበርና። ሴት ስታገባ ስሟን በማትቀይርበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ባይሆንም፣ በእንግሊዝ መዝገቦች ለሠለጠነ አሜሪካዊ ግን አንዲት ሴት ሁለት መስላ ልትታየው ትችላለች። በማኅበራቱ ውስጥ ልምድ ያላቸው አባላት ለጀማሪዎች የሚያስተምሩት ይህን የመሰለውን ነው።

«ታላላቅ ሰዎች ሁሉ የእኛ ናቸው»

ትንሽ ሕዝብ ታዋቂ ልጆቹን መቁጠር ይወዳል፤ ቆጠራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአሜሪካ የፕሊመዝ እንግሊዛውያን ሠፋሪዎች የጦር አዛዥ የነበረው ማይልስ ስታንዲሽ ማንክስ ነበር የሚሉ አሉ። መነሻቸውም ይገባኛል ካላቸው ርስቶች መካከል አይል ኦፍ ማንን በኑዛዜው መጥቀሱ ነው። ኑዛዜው ግን የርስት ጥያቄ እንጂ የትውልድ ቦታ አይናገርም፤ ላንካሸር ነው የተወለደው የሚሉም ጠንካራ ወገን ስለሆኑ ጉዳዩ አልተቋጨም። በ1789 ባውንቲ በተባለው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ያመፀው ፍሌቸር ክርስቲያን የተወለደው በእንግሊዝ በከምበርላንድ ሲሆን፣ ማንክስ የሆነው የአባቶቹ ቤተሰብ ነው። በዚያው መርከብ የነበረው ፒተር ሄይውድ ደግሞ እዚያው ደሴቷ ላይ ተወልዷል። ቢ ጂስ በሚል ስም የታወቁት ዘፋኝ ወንድማማቾችም በዳግላስ ተወልደዋል፤ ወላጆቻቸው ግን ከማንችስተር የመጡ ነበሩ። የትውልድ ቦታና የዘር ሐረግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መዝጋቢው ለይቶ ቢጽፍ ማንም አይጎዳም።

«ቋንቋው በ1974 ስለሞተ ማኅበራቱ የሚያነሡት ለሥነ ሥርዓት ብቻ ነው»

በ1974 ያረፈው ኔድ ማድሬል ቋንቋውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተናገረ የመጨረሻው ሰው ነው ተብሎ ይታወቃል። እርሱ ከመሞቱ በፊት ግን ሌሎች ቋንቋውን ተምረውት ነበር። የማንክስ ቋንቋ ማኅበር ከ1899 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ በ1948 የአየርላንድ የሥነ ቃል ኮሚሽን ባለሙያዎች መጥተው የሽማግሌዎቹን ድምፅ ቀርፀዋል። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ሕፃናት ትምህርታቸውን ሁሉ በማንክስ የሚማሩበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ዩኔስኮ በ2009 ቋንቋውን ጠፍቷል ብሎ ሲመድበው የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች በዚያው በማንክስ ደብዳቤ ጽፈው ተቃወሙ፤ ምደባውም ተስተካከለ። በ2011 ቆጠራ ከ1,800 በላይ ሰዎች ቋንቋውን በተወሰነ ደረጃ እንደሚያውቁ ተናግረዋል።

«አባል መሆን የፓስፖርት መብት ያስገኛል»

አያስገኝም። የደሴቷ ተወላጆች የሚይዙት የብሪታንያ ዜግነት ነው፤ ዜግነቱም ከግዛቱ ውጭ ለተወለዱ በመደበኛው አሠራር ከአንድ ትውልድ በላይ አይተላለፍም። የአያትን የትውልድ ቦታ መሠረት ያደረገ የሥራ ቪዛ በብሪታንያ አለ፤ በአይል ኦፍ ማን የተወለደ አያትም ይቆጠራል። አመልካቹ ግን የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ መሆን ስላለበት፣ ከአንድ አያት የተወለዱ ሁለት የአጎት ልጆች ካሉ አውስትራሊያዊው ሊያመለክት ሲችል አሜሪካዊው አይችልም። ለአመልካቹ የሚጠቅመውም የአያቱ የልደት ምስክር ወረቀት እንጂ የማኅበሩ መታወቂያ አይደለም።