ፕሮጄስትሮን ቴስቶስትሮንን እንዴት ይነካዋል?

ፕሮጄስትሮን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እርግዝናን ነው። ቴስቶስትሮን ሲባል ደግሞ ወንድነትን። ሁለቱም ሆርሞኖች ግን በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ አሉ፤ ሁለቱም የሚሠሩት ከኮሌስትሮል ነው። የሚለያየው መጠናቸው ነው። በጤነኛ አዋቂ ወንድ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ300 እስከ 1000 ናኖግራም ገደማ ቴስቶስትሮን ይገኛል። በሴት ከ15 እስከ 70 ቢሆን ነው። ፕሮጄስትሮን ደግሞ በወንድ ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊሊትር ከ1 ናኖግራም አይዘልም፤ በእርግዝና መጨረሻ ግን 100ን ያልፋል።

ሰውነት ቴስቶስትሮንን ሲሠራ በፕሮጄስትሮን በኩል የሚያልፍበት መንገድ አለ። ከዚህ ተነስተው «ፕሮጄስትሮን ተቀባ፣ ቴስቶስትሮንህ ይጨምራል» የሚሉ ሻጮች ሞልተዋል። አትመኗቸው። በሰው የዘር ፍሬ ውስጥ ዋናው መንገድ ፕሮጄስትሮንን ሳይነካ የሚያልፈው ሌላኛው ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም በፕሮጄስትሮን በኩል ሲሆን ይደክማል። ደግሞም ምን ያህል ቴስቶስትሮን ይመረት የሚለውን የሚወስነው የጥሬ ዕቃው ብዛት ሳይሆን ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው።

ትእዛዙ የሚነሳው ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያ በየተወሰነ ጊዜ የሚለቀቅ ሆርሞን ፒቱታሪ እጢን ይቀሰቅሳል። ፒቱታሪ ደግሞ ኤልኤች የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ወንድ ላይ ኤልኤች የዘር ፍሬን ቴስቶስትሮን ያስመርታል። ፕሮጄስትሮን ይህን ምልልስ እንደ መኪና ፍሬን ይይዘዋል። የሃይፖታላመስ መልእክት ሲዘገይ ኤልኤች ይቀንሳል፣ ቴስቶስትሮንም ተከትሎ ይወርዳል።

ይህ ፍሬን በአገራችን በየጤና ጣቢያው ሥራ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች በብዛት የሚጠቀሙበት የሦስት ወር መርፌ 150 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የያዘ ነው። ፕሮጄስትሮንን ተመስሎ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ኤልኤችን አፍኖ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል። ይኸው መድኃኒት በብዛት ለወንድ ቢሰጥ ቴስቶስትሮኑን በጣም ያወርደዋል።

ለወንዶች የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች የተነሱትም ከዚህ ነው። ኔስቶሮን የተባለ የፕሮጄስትሮን ዘመድና ቴስቶስትሮንን አንድ ላይ የያዘ፣ ትከሻ ላይ የሚቀባ ጄል ሲሞከር ቆይቷል። የመጀመሪያው የዘር ፍሬን ሥራ ያቆማል፤ ስፐርም እንዲመረት በዘር ፍሬው ውስጥ ብዙ ቴስቶስትሮን መኖር አለበትና። ሁለተኛው በደም ውስጥ የጎደለውን ይተካል፣ የወሲብ ፍላጎትና የጡንቻ ጥንካሬ እንዳይጠፋ።

ሴቶች ላይ የፍሬኑ መላላት በደንብ የሚታየው ፒሲኦኤስ በሚባለው፣ የእንቁልጢን (የሴት እንቁላል ማምረቻን) ሥራ በሚያዛባ የሆርሞን ችግር ነው። እንቁላል በጊዜው ካልወጣ ፕሮጄስትሮን አይመረትም። ፕሮጄስትሮን ከሌለ ኤልኤች ቶሎ ቶሎ ይለቀቃል፣ እንቁልጢም ትርፍ ቴስቶስትሮን ያመርታል። የበዛው ቴስቶስትሮን በተራው ሃይፖታላመስ ለፕሮጄስትሮን እንዳይታዘዝ ያደርገዋል፤ ችግሩ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል። የወር አበባ ይዛባል፣ አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ብጉር ይበዛል። ወር አበባዋ የሚዘገይ ሴት ለብጉሯ ቅባት ብቻ ይዛ መመለስ የለባትም፤ ሆርሞኗ ይታይላት።

ፕሮጄስትሮንን ተመስለው የተሠሩ መድኃኒቶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ሌቮኖርጄስትሬል በአሠራሩ ለቴስቶስትሮን ስለሚቀርብ አንዳንድ ሴቶችን ብጉር ያወጣባቸዋል። ሳይፕሮቴሮን ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ኤልኤችን ከመቀነሱ በላይ ቴስቶስትሮን በሕዋሳት ላይ ካለው ተቀባዩ ላይ እንዳያርፍ ይከለክላል።

የፕሮጄስትሮን ቤተሰብ ቴስቶስትሮንን ከፍ የሚያደርግበት አንድ ከባድ ሁኔታ አለ። አንዳንድ ሕፃናት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ለመሥራት የሚያስፈልግ ኢንዛይም ጎድሏቸው ይወለዳሉ። ከፕሮጄስትሮን የሚሠራው 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን መሄጃ አጥቶ ከኩላሊት በላይ ባለው አድሬናል እጢ ውስጥ ይከማቻል፣ ትርፉም ወደ ወንዴ ሆርሞኖች ይዞራል። ሴት ሕፃን ከሆነች ብልቷ የወንድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሕክምናው የጎደለውን ኮርቲሶል በሃይድሮኮርቲሶን መተካት ነው። ያኔ ኮርቲሶል ሲጎድል አድሬናልን የሚጎተጉተው አንጎል መጎትጎቱን ይተዋል። ሐኪሞች የመድኃኒቱን ልክ የሚያስተካክሉት እነዚህን ሆርሞኖች በደም ምርመራ እየተከታተሉ ነው።