“ፍግ አንሶት ነው” እና ሌሎች ስለ ጥላማ ጓሮ የሚነገሩ ስሕተቶች

በጎንደር ግቢያቸው በድንጋይ አጥር፣ በጎረቤት ፎቅ ወይም በባሕር ዛፍ የተጋረደባቸው ሰዎች የጓሮ አትክልት ሲጀምሩ፣ ተክሉ ያማረ ያልመሰላቸው ዕለት ከየአቅጣጫው የሚሰሙት ምክር አንድ ነው፤ “ፍግ አንሶት ነው፣ ጨምርበት” ይባላሉ። ችግኝ በማፍላትና በመሸጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን አባባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ከሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ተክሉን ከመጉዳት አልፎ ጀማሪውን ተስፋ አስቆርጦ ዶማውን ያስጥለዋል።

ፍግ የተክል ምግብ አይደለም። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ሲሆን፣ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና በሥሩ የሚስበውን ውሃ በብርሃን ኃይል ወደ ስኳርነት ይለውጣል። ከፍግ የሚገኙት ናይትሮጅንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ለዚህ ሥራ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ብርሃኑን ግን አይተኩም። እሳት ባልነደደበት ምጣድ ላይ ሊጥ ቢጨመር እንጀራ አይወጣም።

ሁለቱን ችግሮች ለመለየት ጎንበስ ብሎ ተክሉን ማየት ይበቃል። ብርሃን ያነሰው ተክል ግንዱ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ በአንዱ ቅጠልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ቁመናውም ብርሃን ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያዘነብላል። ፍግ ያነሰው ተክል ደግሞ አጭርና የጫጨ ሆኖ ይቀራል፤ ቢጫነቱም ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል። የተመዘዘ ቲማቲም ላይ ፍግ መከመር ቅጠሉን ከማብዛት በቀር ፍሬ አያመጣም፤ ፍጉ በደንብ ያልበሰበሰ ከሆነ ደግሞ ሥሩን ያቃጥላል።

በአዘዞ የሚኖሩ አንዲት እናት ከማድ ቤታቸው ጀርባ ቲማቲም ተክለው ነበር። ቦታው ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ቲማቲሙ ደረታቸው ድረስ ደርሶ ያብባል፣ አበባው ግን ከአንገቱ እየተቀነጠሰ መሬት ላይ ይረግፋል። በምክር ብዛት የከብት ፍግ፣ ቀጥሎ የዶሮ ኩስ፣ በመጨረሻም ከሱቅ የተገዛ ዩሪያ ጨምረውበት ነበር። “ልጄ፣ ምን ቀረኝ?” ሲሉኝ፣ “እማማ፣ የጎደለው ፀሐይ ነው፤ እርሱን ደግሞ በጆንያ አያመጡትም” አልኳቸው። ቲማቲሙን ነቅለን በዚያው መደብ ላይ ቆስጣ ተከልን። ዛሬ የወጥ ቅጠል ሲያስፈልጋቸው ከዚያው ይቀጥፋሉ።

እንግዲህ ጥላ ላይ ምንም አይበቅልም የሚለውም ስሕተት ነው። ዋናው ጥያቄ ከተክሉ የምንበላው የትኛውን ክፍል ነው የሚለው ነው። ፍሬ የሚበሉት ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢቻል 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ካሮትና ቀይ ሥር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ይችላሉ፣ ሥራቸው ግን አነስ ይላል። ቅጠላቸው የሚበላው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ድንብላልና ናና ከ3 እስከ 4 ሰዓት በሚደርስ ፀሐይ ይበቃሉ። ነጭ ሽንኩርት እዚያ ራስ አያበጅም፤ አረንጓዴ ቅጠሉን እየቆረጡ ለመብላት ግን ጥርሱን ጥላ ላይ መሰካት ይቻላል።

“ጓሮዬ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው” የሚሉኝም ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ቦታውን ያዩት በአንድ ወቅት ብቻ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በአብዛኛው ዓመት በስተደቡብ ታልፋለች፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ግን በስተሰሜን ናት። በታኅሣሥ 2 ሜትር ቁመት ያለው አጥር በቀትር ወደ ሰሜን 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ደግሞ ያው አጥር ግማሽ ሜትር የማይሞላ ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። ስለዚህ ከአጥሩ በስተሰሜን ያለው መደብ በበጋ የጎመንና የቆስጣ ቦታ ነው፤ በግንቦት ግን ያላሰቡትን ያህል ፀሐይ ያገኛል። ከመትከል በፊት ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት በየሰዓቱ የጥላውን ጠርዝ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ ይህንንም በበጋና በክረምት መግቢያ ደጋግሙት። ማንም አማካሪ ከዚህ የተሻለ መረጃ አይሰጣችሁም። ግድግዳውን ኖራ መቀባትም ብርሃን ወደ መደቡ ስለሚመልስ ይረዳል።

ዱባ ጥላ ይወዳል የሚባለው ሥሩ ከቤት ጀርባ ስለሚታይ ነው፤ ሐረጉ አጥር ላይ ወጥቶ ቅጠሉን ፀሐይ ላይ እንደዘረጋ ግን ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

ጥላ ላይ የበቀለ ሰላጣ ጣዕም የለውም ይባላል። እንዲያውም በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ፀሐይ ላይ ያለው ሰላጣ ነው ቶሎ አበባ አውጥቶ የሚመረው።

ቡና ከዛፍ ሥር ስለሚያፈራ ቲማቲምም ያፈራል የሚሉ አሉ። ቡና ትውልዱ ከጫካ ነው፤ በዘጌ ዛሬም ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይለቀማል። ቲማቲም ግን የፀሐይ ተክል ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ ማለዳና ማታ ካልጠጣ ይደርቃል የሚለው ልማድ ጥላ ላይ ብዙ ችግኝ ገድሏል። በግድግዳ ጥላ ሥር ያለ አፈር፣ በተለይም ዋልካ ከሆነ፣ እርጥበቱን ለቀናት ይይዛል፤ ችግኙም ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ በስብሶ ይወድቃል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ውሃው ይቆይ። ስታጠጡም ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ። አተካከሉንም ፀሐይ ላይ ከሚተከለው ሰፋ አድርጉት፤ አየር ካልተላለፈ ሻጋታ ይበዛል።

የባሕር ዛፍ ጥላ ግን ከግድግዳ ጥላ ጋር አንድ አይደለም። እዚያ አፈሩ የሚደርቀው ሥሩ ውሃውን ስለሚሻማ ነው፤ የሚረግፈው ቅጠልም ቡቃያን ያቀጭጫል። ከሥሩ መደብ ለማውጣት መድከም አያዋጣም። ጆንያ ወይም አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን ታቹን በስታችሁ፣ ለም አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙሉበት፤ የዛፉ ሥር ከታች እንዳይገባበት በድንጋይ ላይ አስቀምጡትና ቆስጣ ትከሉበት። የውጭውን ቅጠል ብቻ እየቀጠፋችሁ መሐሉን ከተዋችሁለት ለወራት ይቀልባችኋል።